የመውጫችንን ቀን ጻፉልን፦ ለአማራ ክልል ምክር ቤት አባላት ግልጽ ደብዳቤ

የተከበራችሁ የምክር ቤት አባላት፤ ጤና ይስጥልኝ።

እኔ አዋላጅ ነርስ ነኝ። ደቡብ ወሎ ውስጥ፣ ከአስፋልቱ ብዙ በሚርቅ አንድ ጤና ጣቢያ ስድስት ዓመት ሠርቻለሁ። አሁን ደሴ አንድ የግል ክሊኒክ ተቀጥሬ እሠራለሁ። ገጠሩን ጥለው ከወጡት አንዷ ነኝ ማለት ነው። ይህን አስቀድሜ የምናገረው፣ ደብዳቤውን ስትጨርሱ «አንቺስ ለምን ወጣሽ?» ማለታችሁ ስለማይቀር ነው። ለምን እንደወጣሁ ልንገራችሁ። የምለምናችሁ ሕግም ከዚያው ውስጥ ይወጣል።

ነሐሴ ነበር። የዝውውር ማመልከቻዬን ይዤ ለሦስተኛ ጊዜ ደሴ ወጣሁ። መልሱ እንደ ሁለቱ ጊዜ ነው፤ «ተተኪ ሲገኝ»። አብራኝ የነበረችው አዋላጅ ከወር በፊት ለቃለች። ጤና መኮንኑ ስልጠና ላይ ነው። የዚያን ሌሊት ተረኛ የነበረው ነርስ ራሱ ታሞ ተኝቷል። ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ የቅሬ (የሠፈር መረዳጃ ማኅበር) ሰዎች አንዲት ምጥ የያዛትን ሴት በቃሬዛ ተሸክመው፣ ሦስት ሰዓት በጭቃ ሄደው ደረሱ። በሩን ሲያንኳኩ የወጣላቸው ጥበቃው ነው። የማዋለጃ ክፍሉ ቁልፍ የት ነበር? ደሴ፣ እኔ ቦርሳ ውስጥ።

ሴትዮዋ በረንዳው ላይ፣ ካርድ ክፍል ፊት ለፊት ባለው አግዳሚ ወለደች። አማቷ ተቀበለች። ጥበቃው ባትሪ ያዘ። እግዜር ይመስገን፣ እናትም ልጅም ተረፉ።

ሰኞ ስመለስ ጥበቃው በር ላይ ጠበቀኝ። «ሲስተር፣ እኔም እንግዲህ አዋልጃለሁ። የዲዩቲዬን ነገር እንዴት አደረጋችሁት?» አለኝ። ሁላችንም ሳቅን። የእኛም የስምንት ወር ዲዩቲ፣ ማለትም የተረኝነት ክፍያ፣ ስላልተከፈለን ወረፋ ያዝ አልነው።

ማታ ግን እንቅልፍ እምቢ አለኝ። ደም ቢፈሳትስ? ከወሊድ በኋላ የሚመጣ ደም መፍሰስ እናትን በሁለት ሰዓት ውስጥ ሊገድል ይችላል። መድኃኒቱ ኦክሲቶሲን ነው፤ ብርቅ ነገር አይደለም። ፍሪጅ ውስጥ ነበር። ፍሪጁ ደግሞ የተቆለፈው ክፍል ውስጥ። ለዚያች ሴት ያልነበራት መድኃኒት አይደለም፤ የሚወጋት ሰው ነው።

እናቶቻችን የእነሱን ድርሻ ተወጥተዋል። ይህን በቁጥር ልናገር። በ1992 ዓ.ም. በተደረገው የሀገሪቱ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት፣ ከ100 ወሊዶች 5ቱ ብቻ ነበሩ ጤና ተቋም ውስጥ የሚከናወኑት። በ2011 ዓ.ም. 48 ደርሰዋል። በ1992 ከ100,000 ወሊዶች 871 እናቶች ይሞቱ ነበር፤ በ2008 ዓ.ም. ጥናት ይህ ቁጥር ወደ 412 ወርዷል። ይህ በራሱ አልመጣም። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ከቤት ቤት ዞረው «ቤት መውለድ ይብቃ» ብለው ነው። የእናቶች ማቆያ ተሠርቶ፣ ገንፎ ተገንፍቶ፣ ቡና ተፈልቶ ነው። እኔ ራሴ ስንቷን ነፍሰ ጡር «ነይ ብቻ፣ እኛ አለንልሽ» ብያለሁ። መጣች። እኛ አልነበርንም።

አሁን ወደ «ለምን ወጣሽ» ልምጣ።

ገጠሩ አልጠላኝም፣ እኔም አልጠላሁትም። ሰዉ ወተት ያመጣልኛል። አረፋም ፋሲካም ቤቴ ሳህን ሞልቶ ይመጣል። ነጭ ጋውን የለበሰ ሁሉ እዚያ ዶክተር ነው፤ ስለዚህ ስድስት ዓመት ዶክተር ሆኜ ኖሬያለሁ (ደሴ ስመጣ ማዕረጌን ተቀማሁ)። ያስወጣኝ ሌላ ነገር ነው። እስረኛ እንኳ የሚፈታበትን ቀን ያውቃል። እኔ አላውቅም ነበር።

አሠራሩን የማታውቁ ካላችሁ እንዲህ ነው። አንድ ባለሙያ ሩቅ ጤና ጣቢያ ይመደባል። ለስንት ጊዜ? ደብዳቤው ላይ ምንም የለም። ሁለት፣ ሦስት ዓመት ሠርቶ ዝውውር ይጠይቃል። ወረዳው «ተተኪ ሳናገኝ አንለቅም» ይላል። አይፈረድበትም፤ ቢለቀው ክፍሉ ባዶ ይቀራል። ተተኪው ደግሞ አይመጣም፣ ምክንያቱም ከገባ እንደማይወጣ ሰምቷል። እንዲህ እየዞረ ይኖራል። መውጫው ሦስት ነው፤ ዘመድ፣ የሐኪም ወረቀት ወይም ጋብቻ። የትዳር ጓደኛ ከተማ ካለ ዝውውሩ ይቀላል። ለዝውውር ሲል ቀለበት ያሰረ ሰው አውቃለሁ። ደግነቱ ትዳሩ ጸና፣ ሁለት ልጆች አሏቸው።

ዘመድም፣ ወረቀትም፣ ባልም የሌለው አንድ ቀን ሻንጣውን ይዞ ይጠፋል። የሥራ ልምድ ደብዳቤውን ትቶ፣ ክሊራንስ ሳይወስድ። እኔም እንዲሁ ወጣሁ። ስድስት ዓመት ያዋለድኩበት ወረቀት እስካሁን በእጄ የለም። ባለፈው ሰሞን የምሠራበት ክሊኒክ «ልምድሽ ስንት ነው?» ቢለኝ ዜሮ ብዬ ሞላሁ።

የምለምናችሁ ሕግ ዋናው ቃል ይኸው ነው፤ የመውጫችን ቀን ይጻፍ። ሩቅ ተብሎ በተለየ ጤና ጣቢያ የተመደበ ባለሙያ ሦስት ዓመት ሲሞላው፣ ተተኪ መጣም አልመጣም፣ ይዛወር። ይህን ስል «ከዚያ ማን ሊቀር ነው?» እንደምትሉ አውቃለሁ። ግን አስቡት። ዛሬ ተተኪ ባለመገኘቱ የሚቀጣው ማነው? ሠራተኛው ነው። ጽሕፈት ቤቱ ምንም አይሆንም፤ ስለዚህ ተተኪ ፍለጋ አይቸኩልም። ቀኑ በአዋጅ ከተጻፈ ሸክሙ ወደ ጽሕፈት ቤቱ ይዞራል። ከስድስት ወር በፊት ማስታወቂያ ያወጣል። የሚመጣውም ሰው «ሦስት ዓመት ነው፣ እችለዋለሁ» ብሎ ይገባል። እኔ በሦስተኛው ዓመት እንደምወጣ ባውቅ ኖሮ ምናልባት አራተኛውንም በፈቃዴ እጨምር ነበር። በር ክፍት ሲሆን ሰው ተረጋግቶ ይቀመጣል።

ሰው ደግሞ አለ። ተመርቀው ሥራ ያጡ ነርሶች፣ አዋላጆች፣ ሐኪሞች ሳይቀሩ ከተማው ውስጥ አሉ። ክሊኒካችን አንድ ክፍት ቦታ ሲያወጣ ሰልፉን ብታዩት! በአንድ በኩል ሥራ የሌለው ባለሙያ፣ በሌላ በኩል ባለሙያ የሌለው ማዋለጃ ክፍል። መሀላቸው ያለው የበጀት መደብና ያ «ከገባህ አትወጣም» የሚለው ወሬ ነው።

ሥልጣኑ የፌዴራል ነው እንዳትሉኝ። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 52 የክልሉን የመንግሥት ሠራተኞች አስተዳደርና የሥራ ሁኔታ የሚመለከት ሕግ የማውጣት ሥልጣን ለክልል ሰጥቷል። አንቀጽ 41 ደግሞ መንግሥት ለጤና በየጊዜው እየጨመረ የሚሄድ ሀብት እንዲመድብ ይላል። እኔ የሕግ ሰው አይደለሁም፤ ግን ይህን ለማንበብ ሕግ መማር አያስፈልግም።

ደግሞም ከዚህ በፊት አድርጋችሁታል። በ1990ዎቹ መጨረሻ ይኸው ምክር ቤት ጤና ጣቢያዎችና ሆስፒታሎች የሰበሰቡትን ገቢ እዚያው እንዲጠቀሙበት የሚፈቅድ አዋጅ አወጣ። ከዚያ በፊት የካርዱም የመድኃኒቱም ብር ወደ ፋይናንስ ይገባ ነበር። ነባሮቹ ሲያጫውቱን፣ አንድ ጤና ጣቢያ በረኪና ለመግዛት ደብዳቤ ጽፎ ይጠብቅ ነበር ይሉናል። አዋጁ ከወጣ በኋላ ግን ቦርድ ተቋቁሞ፣ የተሰበሰበው ብር ጓንትና መድኃኒት መግዛት ጀመረ። አንድ ሕግ ነው ይህን ያደረገው። ስለዚህ «ሕግ ምን ያደርጋል፣ ችግሩ ሌላ ነው» ለሚለኝ ሰው መልሴ እናንተው ናችሁ።

የዲዩቲውን ነገር ጥበቃው አንስቶልኛል፣ እኔም ልቀጥልበት። ለምን ሩቁ ወረዳ ዲዩቲ አይከፍልም? ክፋት አይመስለኝም። ከ1994 ዓ.ም. ወዲህ ገንዘቡ በጥቅል በጀት ወደ ወረዳ ይወርዳል። ደመወዙም ዲዩቲውም ከዚያው ነው የሚወጣው። የራሱ ገቢ የሌለው ወረዳ መጀመሪያ ደመወዝ ይከፍላል፤ ከዚያ በኋላ ካዝናው ባዶ ነው። ገበያ ያለው፣ ግብር የሚሰበስበው የአስፋልት ዳር ወረዳ ይከፍላል። ውጤቱን ተመልከቱት፤ ሌሊቱ የከበደበት ባለሙያ ያልተከፈለው፣ መብራትና ታክሲ ያለው ደግሞ የተከፈለው ይሆናል። ይህን የሚያስተካክለው የወረዳ አስተዳዳሪ ለቅሶ አይደለም። የሩቅ ጤና ጣቢያዎች ዲዩቲ ከወረዳው ጥቅል በጀት ወጥቶ ለብቻው በክልል ደረጃ ይያዝ፤ ለሌላ ነገር መዞሩም በሕግ ይከልከል። ሐምሌ ላይ በጀት ስታጸድቁ አንድ መስመር ነው።

በግንቦት 2017 የጤና ባለሙያዎች በየቦታው ስለ ክፍያ የጮኹት ጩኸት እናንተም ጆሮ ደርሷል። እኔ ከደመወዙ ይልቅ የሠራሁትን ያለመከፈሌ ነበር የሚያንገበግበኝ። ደመወዝ ትንሽ ነው ብሎ መከራከር ይቻላል። የሠራሁትን ስምንት ወር ሌሊት ግን ማንም አይከራከርበትም፤ ዝም ብሎ አይከፍልም እንጂ።

ቤት። ይህን በተለይ ሴት የምክር ቤት አባላት ይረዱኛል። እኔ የተከራየሁት ክፍል ከጤና ጣቢያው የሃያ ደቂቃ መንገድ ነበር። ምጥ ቀን አይመርጥም። ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ስልክ ሲደወል የማላውቀው ሰው ሊወስደኝ በር ላይ ቆሟል። ሁለት ዓመት ሙሉ የአከራዬ ልጅ፣ የአሥራ አራት ዓመት ልጅ፣ ዱላ ይዞ ሸኘኝ። ጠዋት ትምህርት ቤት እንቅልፉን እያንኮራፋ ይሄዳል። ጤና ጣቢያ ሲሠራ የባለሙያ መኖሪያ በግቢው ውስጥ አብሮ ይሠራ። ሁለት ክፍል ይበቃል፤ ከኮሪደር ልማት የሚብስ ወጪ አይሆንም።

ብቻን መሆንም አለ። በ1940ዎቹ አጋማሽ ደምቢያ ላይ ከባድ የወባ ወረርሽኝ ከተነሳ በኋላ ጎንደር ላይ የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ተከፈተ። ያኔ ወደ ገጠር የሚላከው ቡድን ነበር፤ ጤና መኮንን፣ የማኅበረሰብ ነርስ፣ ሳኒታሪያን (የአካባቢ ንጽሕና ባለሙያ)፣ አንድ ላይ። ያ ሁሉ ዓመት አልፎ እኔ ብቻዬን ቁልፍ ይዤ ደሴ ስወጣ ክፍሉ ይዘጋል። አንድ ጤና ጣቢያ ለ25,000 ሰው ነው የሚቆመው፤ ከሥሩ አምስት ጤና ኬላ አለው። ለ25,000 ሰው አንድ ቁልፍ! ሕጉ ማዋለጃ ክፍል ከሁለት አዋላጅ በታች አይሠራም ይበል። አንዷ ከለቀቀች ከቅርቡ ከተማ በውሰት ይላክ።

ስለ ጤና ኤክስቴንሽኖቹ ካልተናገርኩ ወንጀል ይሆንብኛል። ፕሮግራሙ በ1995 ዓ.ም. ሲጀመር አሥረኛ ክፍል የጨረሱ ልጃገረዶች ከቀበሌያቸው ተመርጠው፣ አንድ ዓመት ሰልጥነው ገቡ። በየቀበሌው ሁለት ሁለት። በሀገር ደረጃ ከ30 ሺህ በላይ ናቸው። ዓለም ያመሰገነው የኢትዮጵያ ጤና ታሪክ በእነሱ እግር የተሄደ ነው። አብረውኝ ከሠሩት አንዷ ያኔ ልጃገረድ ነበረች፤ ዛሬ ልጇ ዘጠነኛ ክፍል ነው። እሷ እዚያው ጤና ኬላ ናት። እኛ «ስድስት ዓመት» ብለን ስናማርር እሷ ከአሥራ ሰባት ዓመት በላይ ሆኗታል። «የት ልሂድ? ቀበሌዬ ናት ተብዬ አይደል የተቀጠርኩት?» ትለኛለች። እንግዲህ ለእኛ የሚጻፈው ቀን ለእሷም ይጻፍ። ወይ ዝውውር፣ ወይ ወደ ነርስነትና አዋላጅነት የሚያሳድግ ትምህርት። ልምዷ የመግቢያ ነጥብ ይሁንላት። የደሴ፣ የደብረ ብርሃን፣ የጠዳ ጤና ሳይንስ ኮሌጆች የክልሉ ናቸው፤ በጀታቸው በእናንተ እጅ ያልፋል።

እነዚሁ ኮሌጆች ከሩቅ ወረዳ ለሚመጡ ልጆች የተወሰነ ቦታ ቢይዙ ደግሞ ሌላ በር ይከፈታል። ገጠር ያደገ ልጅ ገጠር ላይ ይበልጥ እንደሚቆይ የዓለም ጤና ድርጅትም እ.ኤ.አ. በ2010 ባወጣው መመሪያ ላይ ተናግሯል። ጃፓኖች ይህን ቀድመው በተግባር አድርገውታል። እ.ኤ.አ. በ1972 ክፍለ ሀገሮቹ ተባብረው ጂቺ የሚባል የሕክምና ዩኒቨርሲቲ ከፈቱ። ተማሪው ክፍያው ይሸፈንለታል፣ ሲመረቅ ወደ መጣበት ክፍለ ሀገር ተመልሶ ዘጠኝ ዓመት ያገለግላል። ዘጠኝ ዓመት ረጅም ነው። ግን ዘጠኝ ነው፤ ሲፈርም ያውቀዋል፤ አብዛኞቹም ጨርሰዋል።

«ይህ ሁሉ ሰላም ሲመጣ» የሚል ይኖራል። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደሴ ሲደርስ የስንት ጤና ተቋም አልጋና ፍሪጅ ተጭኖ እንደሄደ አይተናል። ከ2015 ነሐሴ ወዲህ ያለውም ከእናንተ የተሰወረ አይደለም። አምቡላንስ የሚቆምበት፣ ባለሙያ መንገድ ላይ የሚያዝበት ጊዜ ነው። እኔ ግን ነገሩን የማየው በሌላ በኩል ነው። ጠመንጃ ባለበት ቦታ ሌሊት ተነስታ የምታዋልድ ሴት፣ ሰላም ባለበት ጊዜ ከሚያስፈልጋት በላይ ዛሬ ነው መተማመኛ የሚያስፈልጋት። ሕጉ የአደጋ ጊዜ ኢንሹራንሷንም ይያዝ፤ በሥራ ላይ ጉዳት ቢደርስባት ለልጆቿ ምን እንደሚሰጥ አሁኑኑ ይጻፍ። ሴት ሰላም እስኪመጣ ብላ ምጧን አታቆይም።

ጤና መድህኑም አለ። በ2003 ዓ.ም. በ13 ወረዳዎች ሲሞከር ከተጀመረ ወዲህ ገበሬው በየዓመቱ መዋጮውን ይከፍላል። ደብተሩን በፕላስቲክ ጠቅልሎ ይዞ ይመጣል። አንድ አያ እኔ ጋ መጥተው ደብተራቸውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡና «ልጄ፣ ይህ ወረቀት ሰው ያመጣል ወይስ እኔው ፈልጌ ላምጣ?» አሉኝ። ቀልዳቸውን ነው። ፊታቸው ግን አልሳቀም።

የማኅበራዊ ጉዳይ ቋሚ ኮሚቴ አባላት ለጉብኝት መውጣት ልማዳችሁ መሆኑን አውቃለሁ። እባካችሁ ጥር ላይ አትምጡ። ጥር ላይ መንገዱ ደረቅ ነው፣ ግቢው ይጠረጋል፣ ቀጠሮ የተነገራቸው ባለሙያዎች ጋውናቸውን አጥበው ይቆማሉ። ነሐሴ ላይ፣ ሳትነግሩ፣ ማታ ኑ። ወንዙ ጋ ስትደርሱ መኪናውን ትታችሁ በእግር ትሻገራላችሁ። ጥበቃው አሁንም እዚያው ነው፤ በሩን እሱ ይከፍትላችኋል። ዲዩቲውን ከጠየቃችሁ እኔ እንደላክኋችሁ ንገሩት።

ከአክብሮት ጋር
አንዲት አዋላጅ ነርስ፣ ደሴ